ስም ብቻ

ሐፍሳ አንዋር በዚያ ሰኞ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ የተገኘችው ማይክሮፎኑ እየጮኸ አስቸግሮ «ነይና አስተካክይልን» ተብላ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ፣ በመረጃና ምዝገባ ክፍል፣ ፕሮግራመር ሆና ከተቀጠረች ስምንት ዓመት አልፏታል። ፕሮግራመር ትባል እንጂ ወረቀት የሚነክስ ፕሪንተርም፣ አልበራ ያለ ፕሮጀክተርም፣ የጠፋ ቻርጀርም የሚመጣው እሷው ዘንድ ነው።

አዳራሹ በአዲስ ተማሪዎች ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ የቆሙት ወይዘሮ እናትዓለም ናቸው፤ በምዝገባ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩ፣ የተማሪ ፋይል ሽፋኑን ብቻ አይተው የየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚያውቁ ሴት።

«እንግዲህ ልጆቼ፣ ሁሉም ነገር የሚጀምረው በስማችሁና በይለፍ ቃላችሁ ከመግባት ነው። እኔ በራሴ ስም ልግባና ላሳያችሁ» አሉ። ገቡም። ከዚያ «የመኝታ ክፍል ምደባ» የሚለውን ተጫኑ።

ገጹ አልተከፈተም። በምትኩ ነጩ ግድግዳ ላይ ጥቁር ጽሑፍ መስመር በመስመር ተደራረበ። ገጹን የጻፈው ሰው፣ አንድ ነገር ሲበላሽ ስህተቱን ቶሎ ለማግኘት ብሎ፣ የያዘውን ሁሉ እንዲዘረግፍ አድርጎት ነበርና ዘረገፈው። ሰዓቱን፣ የኮምፒውተሩን ቁጥር፣ የተጠቃሚውን ስም፤ ቀጥሎም የይለፍ ቃሉን። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ፣ በቁጥር የሚያልቅ አማርኛ ነው። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«መቼ ነው ጡረታህ ሰባት!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ተማሪዎቹ ማን እንደተባለ አያውቁም፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሠራተኞች ግን ያውቃሉ። ከእነሱ መሃል የክፍሉ ኃላፊ አቶ ወልደ ዮሐንስ አሉ። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ወይዘሮ እናትዓለም ወደ ቤተ መጻሕፍት ልዛወር ብለው ያስገቡትን ማመልከቻ ባለፈው ክረምት ለሦስተኛ ጊዜ የመለሱትም እሳቸው ናቸው። ሐፍሳ ሮጣ የፕሮጀክተሩን ገመድ ነቀለች። ወይዘሮ እናትዓለም እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንደቆሙ ቀሩ።

ከምሳ በኋላ አቶ ወልደ ዮሐንስ ሐፍሳን አስጠሯት።

«አየሽ አይደል? አንተ ነው ያለችኝ። ጡረታህ! እሺ ትጥላኝ፤ ጡረታዎ ብትል ምን ነበረበት?»

«ጋሼ፣ ቃሉን እንተወውና…»

«እንዴት ነው የምንተወው? ሦስት መቶ ተማሪ ፊት!»

«ቃሉ እኮ የግላቸው ነው። ሰው ያየዋል ብለው አልጻፉትም። የሚያሳፍረው መታየቱ ነው። የመኝታ ክፍል ገጽ የሰው የይለፍ ቃል ምን ያደርግለታል? ማን ሰጠው? እኛው ነን የሰጠነው። ቀዘፋ ነው የሰጠው።»

ቀዘፋ ሲባል አቶ ወልደ ዮሐንስ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ቀዘፋ የኮሌጁን ድረ ገጾች የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ራሳቸው ጻፉት፤ ስሙንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። ማንኛውም የትምህርት ክፍል በጥቂት ቀላል ትእዛዞች የራሱን ገጽ ይሠራበታል። ሰው አንዴ በስሙና በይለፍ ቃሉ ከገባ ቀዘፋ ሁለቱንም ለየገጹ ያቀብላል። ያኔ ገጾቹ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱንም የጻፉት እሳቸው ስለሆኑ ከራሳቸው ለራሳቸው ነበር የሚያቀብሉት። አሁን አርባ ስድስት ደርሰዋል። የጻፏቸው ደግሞ መምህራን፣ ተመርቀው የሄዱ ተማሪዎች፣ ለአንድ ክረምት መጥተው የጠፉ ተለማማጆች ናቸው። ከእነዚህ ማንኛቸውም፣ ቢፈልጉ፣ ገጻቸውን የከፈተውን ሰው ሁሉ የይለፍ ቃል ማንበብ ይችላሉ።

«አንድ ማዋቀሪያ ልጨምርበት» አለች ሐፍሳ። «ሥራዎን አላበላሽብዎትም። አንዲት መስመር ናት፤ ገጾቹ ምን እንዲያዩ እንደምንፈቅድ የምንጽፍባት።»

«ጻፊና ለኮሌጁ የቴክኖሎጂ ኮሚቴ አቅርቢ» አሉና ጸሐፊያቸውን ጠርተው ማስጠንቀቂያ ማስጻፍ ጀመሩ።

ደብዳቤው በማግስቱ ወጣ። «የሥራ ባልደረባን ክብር የሚነካ የይለፍ ቃል መጠቀም» ይላል። ወይዘሮ እናትዓለም ፈርመው ተቀበሉና በዚያው ሐፍሳ ቢሮ ገቡ።

«እኔ እኮ ልጄ፣ ማንም የማያየው መስሎኝ ነው። ጠዋት ጠዋት እሱን ጽፌ ስገባ ትንሽ ቀለል ይለኝ ነበር።»

«ማንም ማየት አልነበረበትም፣ እትዬ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

«ታዲያ ደብዳቤው ለምን ለእኔ ደረሰ?»

ሐፍሳ ስለ ቀዘፋ ልታስረዳቸው ሞከረች። ወይዘሮ እናትዓለም ግን ዓይናቸውን ከወረቀቱ አልነቀሉም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፋይላቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ገብቶ አያውቅም።

ሐፍሳ በዚያች አንዲት መስመር ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠች። ለሚያያት ሰው ሥራ የያዘች አትመስልም፤ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ በመስኮት ታያለች። አጠገቧ የምትሠራው ወንጌላዊት ትዕግሥቷ አለቀ። ወንጌላዊት አዲስ አበባ ያደገች፣ ፈጣን፣ ያሰበችውን ሳታስቀር የምትናገር ልጅ ናት።

«ይሄ እኮ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ወይ አዎ፣ ወይ አይ። ሦስት ቀን ምን ይሠራል?»

«አይ ካልሁ ስምም ይቀራል። ስም ከቀረ ገጾቹ ማን እንደገባ አያውቁም፤ ሁሉም ይቆማል።»

«እና?»

«እና ሦስት ነው የሚሆነው። ምንም፣ ስም ብቻ፣ ሁሉንም።»

«በቃ ጨረስሽ!»

አልጨረሰችም። መስመሯ የት ትጻፍ የሚለው ቀረ። ወንጌላዊት እያንዳንዱ ገጽ በራሱ ፎልደር ውስጥ የራሱን ምርጫ ይጻፍ አለች፤ እኔ የሠራሁት በምን ዕዳዬ ከሌላው ጋር ይዘጋብኛል? ሐፍሳ እስክሪብቶዋን ወረወረች።

«እሱማ የገጹ ባለቤት ሁሉንም ብሎ ይጽፋላ! የምንከለክለው ማንን ሆነና? እሱን ራሱን አይደለም እንዴ?»

ወንጌላዊት እስክሪብቶውን አንሥታ መለሰችላት። ስለዚህ መስመሯ የምትጻፈው በዋናው ሰርቨር ማዋቀሪያ ፋይል ላይ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ ገጾች አይነኳትም። ቀጥሎ ስም። ሐፍሳ መጀመሪያ «ለገጾች የሚታይ» ብላ ነበር፤ ሰረዘችው። ማሳየት ደግ ሥራ ይመስላል፤ የሚያነበው ሰው ያለ ሐሳብ «ሁሉንም» ብሎ ያልፋል። «ለገጾች የሚጋለጥ» አለችው። ማጋለጥ የሚለውን ቃል ያየ ሰው ከመጻፉ በፊት እጁ ትንሽ ይያዛል ብላ አሰበች። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም የባሰ ነበር። ማንም ሰው ምንም ሳይጽፍ ቢተወው ምን ይሁን? ሰው ማዋቀሪያ እንደማይነካ ታውቃለች። እንዲህ ያለ ፋይል አንዴ ከተቀመጠ ሰርቨሩ እስኪቃጠል ድረስ የሚከፍተው የለም። ስለዚህ ካልተነካ ራሱ የሚሠራው «ስም ብቻ» ይሁን ብላ ጻፈች።

ኮሚቴው ሐሙስ ተሰበሰበ። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢው አቶ ወልደ ዮሐንስ። የመጀመሪያው ሃምሳ ደቂቃ ያለቀው በወይዘሮ እናትዓለም የይለፍ ቃል ነው። አንዱ አባል ለይለፍ ቃል የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ይውጣ አሉ። ጡረታ፣ አለቃ፣ እድገት፣ ዝውውር።

«ሰው ተጠቅሟቸው እንደሆነ በምን እናውቃለን?» አለች ሐፍሳ።

«እናያለና።»

«ለማየት እኮ የሁሉንም ሰው የይለፍ ቃል ማንበብ አለብን!»

«ታዲያ እናንብበዋ» አሉ ሰውዬው፣ ምን ችግር አለው በሚል ፊት። ሐፍሳ ጥርሷን ነክሳ ወረቀቷን ገለጠች።

የእሷ ጉዳይ የደረሰው በፈረቃ የሚጠፋው መብራት ሊሄድ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። ስለ ሦስቱ ምርጫዎች ሰሙ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ካልተነካ «ስም ብቻ» ይሁን ስትል ግን የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ አዘዘ እጃቸውን አወጡ። የእሳቸው ገጽ ወደ መጻሕፍቱ ሰርቨር የሚገባው በተጠቃሚው የይለፍ ቃል ነው፤ ቃሉ ከቀረበት መጽሐፍ መዋስ ይቆማል።

«የእርስዎን አስተካክላለሁ» አለች።

«መቼ?»

«ሁለት ሳምንት ቢሰጠኝ…»

«ትምህርት በተጀመረበት ሰዓት! አይሆንም።»

አቶ ወልደ ዮሐንስ ሰዓታቸውን አዩ። «አማራጩ ይግባ። ካልተነካ ግን እንደ ድሮው ሁሉንም ይሁን። መዝጋት የፈለገ ይዘጋዋል።»

«ጋሼ፣ ያን ፋይል ከእኔ ሌላ የሚከፍተው ሰው የለም።»

«እንግዲያው አንቺ ዝጊዋ።»

«ዝጊ በሉኛ!»

«አሁንማ ክፍት ይሁን ብለን ወሰንን» አሉ። መብራቱ ሄደ፤ ስብሰባውም ተበተነ።

እሑድ ሐፍሳ ሐይቁ ዳር አባቷ ዘንድ ዋለች። አባቷ አቶ አንዋር የእንጨት ጀልባ ሠሪ ናቸው። ግማሹ በተሠራ ጀልባ አጠገብ ተቀምጣ የኮሚቴውን ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ስትነግራቸው እሳቸው ሳንቃ ይልጋሉ።

«አንዲት መስመር እኮ ነው፣ አባ። አንዲት! ሠራሁላቸው፤ ዓላማዋን አጥፍተው ተቀበሉኝ።»

«አርባ ስድስት ገጽ አልሽ።»

«አዎ።»

«አርባ ስድስቱም ያን ቃል ይፈልጉታል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ያን ሁሉ የሰው ጽሑፍ ማን ያነባል?»

«እኔማ አላነብም» አሉ መላጊያውን አስቀምጠው። «ሳምንቱን ሙሉ እየተናደድሽ ስትመላለሽ ግን አንብበሽ በጨረስሽው። አሁን ምሳ ስጪኝ።»

ተቆጣች። ቀኑን ሙሉ አኮረፈቻቸው። ሰኞ ጠዋት ግን የመጀመሪያውን ገጽ ከፈተች።

ለማንበብ አራት ቀን ፈጀባት። በሰው የተዝረከረከ ጽሑፍ ውስጥ መሄድ ያደክማል፤ አንዳንዱ ስሙ እንኳ የሚገባ አይደለም፤ አንዱ ሠላሳ መስመር የሚበቃውን በሦስት መቶ ጽፎታል። እያነበበች በጎን ምልክት ታደርጋለች። አርባ ሦስቱ ገጾች የይለፍ ቃሉን ፈጽሞ አይነኩትም። ቤተ መጻሕፍቱ ይፈልገዋል። የመኝታ ክፍሉ ገጽ ሲበላሽ ብቻ ይዘረግፈዋል። ሐሙስ ከምሳ በፊት አንድ ገጽ ቀራት፤ እሱን የምታውቀው ስለመሰላት ለመጨረሻ ያቆየችው ነው። የደቅ ጀልባ ምዝገባ። በየሳምንቱ ዓርብ የኮሌጁ ጀልባ ለጥናት ወደ ደቅ ደሴት የሚሄዱ መምህራንንና ተማሪዎችን ይወስዳል፤ መቀመጫ የሚያዘው በዚህ ገጽ ነው። የጻፈችው ራሷ ናት፤ እዚሁ ኮሌጅ ተማሪ ሳለች የመመረቂያ ሥራዋ ነበር።

መሃል ላይ ሦስት መስመሮች አገኘች። በላያቸው በራሷ አጻጻፍ «ለጊዜው፤ ይጠፋል» ይላል። ያኔ ማን ገብቶ ማን እንዳልገባ ለማየት፣ የገባውን ሰው ስምና የይለፍ ቃል አንድ ፋይል ላይ እንዲጽፍ አድርጋው ነበር። አላጠፋችውም። ፋይሉን ፈለገችው፤ አለ። ከፈተችው፤ አሥራ አንድ ሺህ መስመር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደቅ የሄደ ሰው ሁሉ፣ ከነቃሉ። የምታውቀው ሰው ስም ዓይኗ ውስጥ ሲገባ ፋይሉን ዘጋችው።

ተነሣች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ወንጌላዊት ምሳ እንሂድ አለቻት፤ አልራበኝም አለች። ፋይሉን ብታጠፋው፣ ሦስቱን መስመሮች ብትሰርዛቸው፣ ማንም አያውቅም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን ያን ቃል ሰዎቹ ለኢሜይላቸውም፣ ለሌላ ሌላውም ይጠቀሙበታል። ፋይሉ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተለማማጅ ሁሉ በሚገባበት ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ከእሷ በፊት ማን እንዳየው አታውቅም። ሁለት ሳምንት ያህል ሰው ሁሉ አልገባውም ብላ ስትናደድ ከርማ፣ ከሁሉም የከፋውን ገጽ የጻፈችው እሷ ሆና መገኘቷ አንገበገባት።

ወደ አቶ ወልደ ዮሐንስ ቢሮ ገባችና ሳትቀመጥ ነገረቻቸው።

«የእኔም አለ?» አሉ።

«አለ፣ ጋሼ። ደቅ ብዙ ጊዜ ሄደዋል።»

«አየሽው?»

«አላየሁም።»

«ፋይሉን ከፍተሻል አይደል እንዴ?»

«ከፍቻለሁ። የእርስዎን አላየሁም።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ፊታቸው ቀልቶ ነበር። ምን ዓይነት ቃል እንደነበራቸው ሐፍሳ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ግን በዚያች ቅጽበት፣ እሳቸውም እንደ ወይዘሮ እናትዓለም ሰው የማያየው መስሏቸው የጻፉት ነገር እንዳለ ጠረጠረች።

«በእርግጥ አላየሽውም?»

«ወላሂ አላየሁም። አሁን ግን ይቀይሩት። ሁሉም ሰው ይቀይር። ካልተነካ ስም ብቻ ይሁን የሚለውንም ይፈርሙልኝ። አርባ ሦስቱ ገጾች ቃሉን አይፈልጉትም፤ አንብቤያቸዋለሁ። ዝርዝሩ ይኸው።»

ወረቀቱን ተቀብለው ሳያነቡት ፈረሙበት። «ለአንቺም ማስጠንቀቂያ እጽፋለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ይጻፉ። የእትዬ እናትዓለም ግን ይነሣላቸው።»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«እንዴት ሌላ ይሆናል? የእሳቸው ጥፋት እኮ…»

«ሐፍሳ» አሉ፤ «የፈለግሽውን ፈረምሁልሽ። ሂጂ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት ፋይሉን አጠፋች፤ የደቁን ገጽ ዘጋች፤ በማዋቀሪያው ላይ መስመሯን አስገባች። ከዚያ የመጣው ሳምንት ምስጋና የሌለበት ሳምንት ነበር። የይለፍ ቃል ቀይሩ የተባሉ ሰዎች በሯ ላይ ተሰለፉ። ግማሾቹ አሮጌውን ረስተውታል፤ ግማሾቹ አዲሱን ወዲያው ረሱት። አቶ አዘዘ ለተማሪዎቻቸው «መጽሐፍ የተከለከላችሁት በኮምፒውተር ክፍሉ ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ፤ በረንዳ ላይ ሲያገኟትም ሰላምታ ነፈጓት። እሷ ግን ዘጠኝ ቀን ሠርታ ገጻቸውን አስተካከለች። አሁን ቀዘፋ ራሱ ለመጻሕፍቱ ሰርቨር «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» ብሎ ይመሰክራል፤ የማንም ቃል አያስፈልግም። ሥራው ሲያልቅ አቶ አዘዘ «መጀመሪያውኑ እንዲህ አታደርጊውም ነበር?» አሏት። የኮሌጁ ጋዜጣ ላይ ደግሞ ኮሚቴው የተጠቃሚዎችን ደኅንነት እንዳጠናከረ ተጻፈ። የሁለቱም ሴቶች ደብዳቤ ፋይላቸው ውስጥ ቀረ።

በቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ተይዛ ስለከረመች፣ በተከታዩ ዓርብ ጠዋት የደቅ ጀልባ ሲነሣ እንደ አዲስ የምትጽፈው የምዝገባ ገጽ ገና አላለቀም። ሐፍሳ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ጀልባው መነሻ ላይ ቆመች። ጀልባው የሚይዘው ሃያ ሰው ነው፤ የመጣው ሃያ ሦስት። መምህር መልካሙ፣ ስለ ዓሣ የሚያጠኑት፣ በወረቀት መመዝገባቸው አናደዳቸው።

«ዘጠኝ ዓመት ያለ ችግር የሠራ ነገር ምን አስነካሽ?»

«ያለ ችግር አልነበረም፣ መምህር። የእርስዎን የይለፍ ቃል…» አለች፤ ሞተሩ ተነሣና ድምፅዋን ዋጠው። እሳቸው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዩዋት፤ ከዚያ ተዉትና ገቡ። የቀሩት ሦስት ተማሪዎች ከበቧት፤ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ሰባታሚት ሌሊት ተነሥተው ነበር የመጡት። «የሚቀጥለው ዓርብ መጀመሪያ የእናንተ ነው» ብላ በወረቀቱ ጀርባ ስማቸውን ጻፈችላቸው፤ አላመኗትም።

ቢሮ ስትመለስ ወንጌላዊት የስልኩን እጀታ በመዳፏ ሸፍና ጠበቀቻት።

«የእንስሳት ጤና ክፍል ነው። ሁሉንም የሚለው እንዴት እንደሚበራ ጠየቁኝ። ለአንድ ቀን ብቻ ነው ይላሉ።»

ሐፍሳ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ስልኩን ተቀበለቻት።